አያ ጅቦ ኮረብታውን ሲሸጥ

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ስሙን የገዛ ሰዎቹ እንኳ በረሱት አንድ አገር፣ እንስሳ ሁሉ አፍ ነበረው። ሰውና አውሬ ጧት ጧት እንዴት አደርክ ይባባሉ ነበር። ጭጋጉም እንደ ዛሬው ችኩል ጭጋግ አልነበረም፤ ከወንዙ ተነስቶ፣ ሜዳውን ዳብሶ፣ የየቤቱን በር አንኳኩቶ፣ ረፋድ ላይ ሲደክመው ነበር የሚሄደው። እንዲህ ባለ አገር ሰው ግማሽ ዕድሜውን በህልም ቢያሳልፍ አይገርምም። ስለዚህ አትሳቁ፣ ዝም ብላችሁ ስሙ።

በዚያ አገር ህልም እንደ ዋዛ አይታይም። ፀሐይ ሳትወጣ ሰዉ ሁሉ ከአንዲት ሾላ ሥር ይሰበሰባል፤ ህልም ያየ ይነሳና ይናገራል። ሕግ ግን አለው። ተናጋሪው አንዲት ፍሬ ቆሎ እንኳ መቅመስ የለበትም። በባዶ ሆድ የተነገረ ህልም የእግዜር ነውና ማንም አይከራከረውም፤ እንደተባለው ይፈጸማል። በልቶ የተነገረ ህልም ግን የሆድ ህልም ነው፤ ዞሮ የተናጋሪው ራስ ላይ ይወድቃል። አያ ደምለው የሚባል ገበሬ አንድ ጊዜ ማር ልሶ መጥቶ «ጎረቤቴ ጥጃውን ሲሰጠኝ አየሁ» ቢል፣ ጢሙ ላይ ሰፈፍ ተገኘበትና የገዛ ጥጃውን ነድቶ ለጎረቤቱ አስረከበ። ከዚያ ወዲህ ማር ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ሌላው ሰው ግን እግዜርን ስለሚፈራ በህልም አይቀልድም ነበር።

ይህን አገር አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ቤተ ክርስቲያን። ያለችው አንዲት ቤተ ክርስቲያን ከወንዙ ማዶ ናት። በበጋ ልብስን ሰብስቦ መሻገር ነው። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ሌላ ወንዝ ይሆናል፤ ግንዱንም ድንጋዩንም እያንከባለለ ያገሳል። ያኔ ቄሱ ማዶ፣ ምእመኑ ወዲህ ይቀራል።

ትርንጎ የምትባል ሴት በዚህ ወንዝ ልቧ ተሰብሯል። አምና በሐምሌ የወለደችው የመጀመሪያ ልጇ አርባ ቀኑ ሳይሞላ ታመመባት። አቅፋው ወደ ወንዙ ሮጠች። ቄሱ መምሬ ክንፉም ማዶ ዳር ድረስ መጥተው፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ ጸሎቱን እየጮኹ አነበቡ፤ ወንዙ ግን ከሳቸው በላይ ጮኸ። ልጁ ክርስትና ሳይነሳ፣ ስም ሳይወጣለት በእቅፏ ሞተ። ዘንድሮ ትርንጎ እንደገና ፀንሳለች። ሆዷ በገፋ ቁጥር ሰማዩን ታያለች፤ ደመና ባየች ቁጥር ሆዷን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

ፋሲካ እንዳለፈ መምሬ ክንፉ ጓዛቸውን ይዘው ወዲህ ተሻገሩ። «ያን ወንዝ ዳግመኛ ቆሜ አላለቅስበትም» አሉ። «ክረምት ሳይገባ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን እናቆማለን። ታቦቱም የአቡዬ ይሆናል።» ሰዉ እልል አለ። መሬት ሲፈለግ ግን ሜዳው ሁሉ ረግረግ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን አንድ ኮረብታ ብቻ አለ፤ ወይራ የለበሰ፣ ከአናቱ ምንጭ የሚፈልቅበት፣ ጧት ጧት ከጭጋጉ በላይ ብቻውን የሚንሳፈፍ። ኮረብታው ደግሞ የአያ ጅቦ ርስት ነው፤ ዋሻውን ቅድመ አያቱ ናቸው የቆፈሩት።

«አንድ ጅብ አይደል እንዴ? በዱላ ማባረር ነው!» አሉ ጉልበት ያላቸው።

«አይሆንም» አሉ መምሬ ክንፉ። «ባለቤቱ አፈሩን በገዛ እጁ ዘግኖ ‹ወድጄ ሰጠሁ› ካላለ፣ እዚያ መሬት ላይ ታቦት አይገባም። በተቀማ መሬት ላይ የሚጸለይ ጸሎት ከጣሪያው አያልፍም።»

እናም መምሬና ትርንጎ ተያይዘው ወደ ኮረብታው ወጡ። ትርንጎ አህያዋን ይዛ ነበር የሄደችው፤ ዳገቱን በነፍሰ ጡር ወገቧ አልቻለችውም። አያ ጅቦ ከዋሻው ደጃፍ ተቀምጦ ጢሙን ያስተካክል ነበር። መጀመሪያ ያየው መምሬን አልነበረም፤ አህያዋን ነው።

«ግቡ፣ ግቡ፤ ቤት ለእንግዳ» አለ።

«ኮረብታዎን እንዲሸጡልን መጣን፣ አያ ጅቦ» አሉ መምሬ። «ለአቡዬ ነው።»

«ለአቡዬማ ከሆነ እኔስ ክርስቲያን አይደለሁ? ምን ትሰጡኛላችሁ?»

«ለአቡዬ ዝክር በታረደ ቁጥር አጥንቱ የእርስዎ ነው። እስከ ልጅ ልጅዎ።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። እንዲህ ያለ ዋጋ አባቱም አያቱም ሰምተው አያውቁም። «ተስማምተናል። ነገ ጧት ሾላው ሥር አፈሩን ዘግኜ አስረክባችኋለሁ» አለ። ትርንጎ እየወረደች በልቧ ዘመረች።

በማግስቱ ጧት አያ ጅቦ መጣ። አፈር ግን አልያዘም። ከሾላው ሥር ቆመና፣

«ህልም አለኝ፤ አፌም ጾም ነው!» አለ።

«ለበጎ ያድርገው፤ ተናገር!» አለ ሰዉ።

«አየሁ፣ አየሁ። አቡዬ እንደ እኔው ፀጉራም ሆነው በጭጋጉ መሀል ቆመው አየሁ። ‹ጅቦ ልጄ፣ ባዶ አጥንት ምን ያደርግልሃል? ሥጋው ሳይጋጥ ይስጡህ› አሉኝ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አቡዬ ከአንበሳና ከነብር ጋር የኖሩ ጻድቅ ናቸው፤ ለጅብ አይገለጡም ብሎ ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል? የጅቡንም አፍ ቢያሸቱት፣ ጾም እንጂ ሌላ ሽታ የለውም። «ይሁን፤ ሥጋው አይጋጥም» አሉ።

«እንግዲያው አፈሩን ነገ» አለ አያ ጅቦ፤ ሄደም።

በማግስቱ ጧት ደግሞ መጣ።

«ህልም አለኝ፤ አፌም ጾም ነው!»

«ለበጎ ያድርገው፤ ተናገር!»

«አየሁ፣ አየሁ። አቡዬ በጭጋጉ መሀል ቆመው፣ ‹ጅቦ ልጄ፣ ባለርስት ሆነህ መሬት ላይ ትቀመጣለህ? ቁርበት ያንጥፉልህ፤ ሲጠሩህም ጌታዬ ይበሉህ› አሉኝ።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይሄኛው ግን በሚያውቁት አገር፣ ዘመዶቹን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው ያስነጠፈው። አንድ የደረቀ አሮጌ ቁርበት ተነጠፈለት። ተቀመጠበት፤ እግሩን አነባበረ፤ «አፈሩን ነገ» አለ።

እንዲህ እየተባለ ግንቦት ተንጠፈጠፈ። አንድ ጧት ህልሙ የዋሻውን ደጅ አስጠረገ፤ ሌላ ጧት ህልሙ ጠላ አስጠመቀ። ሰዉ ከአልጋው ሲነሳ «ዛሬ ደግሞ አቡዬ ምን ብለውት ይሆን?» ማለት ለመደ። አንድ ቀን ከወንዙ ራስ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ትርንጎ ሆዷን ያዘች። አያ ጅቦም ቁርበቱ ላይ እንደተቀመጠ ሾላው ሥር የታሰረችውን አህያዋን ከጆሮዋ እስከ ሸኮናዋ ቀስ ብሎ አየና፣

«ነገ የማልመው ነገር ከአሁኑ እየታየኝ ነው» አለ። «ጆሮው ረዘም ያለ ነገር ይመስለኛል።»

በዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ትርንጎ ከአህያዋ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። አህያዋ ከልጅነቷ ጀምሮ አብራት የኖረች ናት፤ ውሃዋን፣ እንጨቷን፣ አንዳንዴም ሐዘኗን ተሸክማላታለች። ብትሰጣት እጇን መቁረጥ ነው። ባትሰጣት ኮረብታው ይቀራል፤ ወንዙም ይሞላል።

«እሜቴ፣ አያልቅሱ» አለች አህያዋ። «ለአቡዬ ከሆነ ድንጋይ ተሸክሜ ወገቤ ይቀንጠስ፤ ደስታዬ ነው። ለጅብ ራት ከሆነ ግን ህልም ነው ተብዬ አልታለልም። እኔም ህልም አያለሁ፤ የሚጠይቀኝ ጠፍቶ እንጂ።»

«ምን አየሽ?»

«ገብስ።»

ትርንጎ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

«ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች አህያዋ። «ሰው ሁሉ የጅቡን አፍ ሲሰማ፣ እኔ ጥርሱን ነው የማየው፤ ሌላውን የማይበት ልብ የለኝም። ያንን የደረቀ ቁርበት እንኳ በጎን በጎኑ እያሸተተ ምራቁን ይውጣል። ሆዱ ባዶ ነው ማለት፣ እሜቴ፣ ሆዱ ዝም ብሏል ማለት አይደለም።»

ትርንጎ ጥቂት አሰበችና ብድግ አለች። በቀጥታ ወደ አያ ደምለው ቤት ሄደች። የደምለው በሬ ከአንድ ቀን በፊት ገደል ገብቶ ታርዶ ነበር።

«አያ ደምለው፣ የበሬህን ቁርበት ለአንድ ጧት አውሰኝ።»

«ገና ርጥብ ነው እኮ። ስቡም አልተፋቀ፣ ጅራቱም አልተቆረጠ።»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ደምለው አያት፣ ጢሙን ዳሰሰ። ማሩ ትዝ አለው። «ውሰጂው» አለ። «መልሺልኝም አልልሽም።»

በማግስቱ ጧት ጭጋጉ ከወትሮው ወፍራም ነበር፤ ሾላዋ እንኳ ግማሿ ብቻ ነው የምትታየው። ትርንጎ አሮጌውን ቁርበት አንስታ አዲሱን አነጠፈች። ወደ መምሬም ጠጋ ብላ፣ «አባቴ፣ ዛሬ ጸሎቱን ትንሽ ያስረዝሙልኝ» አለቻቸው።

«ምነው ልጄ?»

«የቸኮለ እንግዳ አለ፤ ትዕግሥት ይማር።»

መምሬ ቁርበቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ዳዊታቸውን ገለጡ።

አያ ጅቦ መጥቶ ተቀመጠ። የስቡ ሽታ ከሥሩ ሲነሳ አፍንጫው ብቻውን ተንቀሳቀሰ። መምሬ ያነባሉ። አያ ጅቦ ጭጋጉን አየ፤ ከፊቱ ያለው ሰው ጥላ ብቻ ነው። እኔ ካላየኋቸው እነሱም አያዩኝም አለ በልቡ። ጨው እንዳለው ለማወቅ ብቻ ጠርዙን ላስ አደረገ። መምሬ ያነባሉ። ጥርሱን ለማሟሸት ብቻ አንዱን ጥግ ነከስ አደረገ። መምሬ አሁንም ያነባሉ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? ሰዉ አሜን ሲል አያ ጅቦ በባዶ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። አፉን በመዳፉ አብሶ ተነሳ።

«ህልም አለኝ፤ አፌም ጾም ነው!»

«ለበጎ ያድርገው፤ ይናገሩ ጌታዬ!»

«አየሁ፣ አየሁ። አቡዬ በጭጋጉ መሀል ቆመው፣ ‹ጅቦ ልጄ፣ አንድ አህያ ከነጆሮዋ ትሰጥ› አሉኝ። ያቺን የትርንጎን አህያ አስረክቡኝ፤ አፈሩን አሁኑኑ እዘግናለሁ።»

አህያዋ ዓይኗን ጨፈነች። ትርንጎ ግን ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የተነጠፈልዎ ቁርበት የት ሄደ?»

አያ ጅቦ ወደ ሥሩ አየ፣ ወደ ኋላው አየ። «ነፋስ ወሰደው» አለ።

«የምን ነፋስ?» አለች አህያዋ ዓይኗን ገልጣ። «ጭጋጉ እንኳ ንቅንቅ አላለም።»

«እንግዲያው መሬት ዋጠችው።»

አያ ደምለው ጠጋ ብሎ የጅቡን አፍ ተመለከተና፣ «መሬት የበሬዬን ጅራት ፀጉር ከጥርስዎ መሀል ሰክታው ሄደች እንዴ?» አለ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እንቅልፍ ላይ የነበሩ ወፎች ሁሉ ከሾላዋ ተነስተው በረሩ። ሳቁ ሲበርድ መምሬ ክንፉ፣ «ሕጉ ሕግ ነው» አሉ። «በልቶ የተነገረ ህልም ዞሮ ተናጋሪው ራስ ላይ ይወድቃል። አንድ አህያ ትሰጥ ብለዋል፤ እንግዲህ እርስዎ ለትርንጎ አንድ አህያ አለብዎ።»

«አህያ ከየት አባቴ አመጣለሁ?» አለ አያ ጅቦ። «አህያ ባገኝ እስካሁን አስቀምጣት ነበር?»

«እንግዲያው ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ እስኪለብስ በአህያ ፋንታ ድንጋይ ይሸከማሉ።»

አያ ጅቦ ጥርሱን አፋጨ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይሁን፣ ልሸከም» አለ። «ኮረብታውን ግን አልሸጥም! ‹ወድጄ› ካላልኩ ታቦት አይገባም ብላችኋል። እንግዲህ አልወደድኩም። ድንጋዩን ተሸክሜ የት እንደማወርደው አያለሁ።»

ሳቁ ጠፋ። ነጎድጓዱ እንደገና ተሰማ፤ ዛሬ ቀርቧል። ሰዉ ሁሉ ትርንጎን አየ። የትርንጎ ብልሃት ግን እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ጅብን በሆዱ መያዝ ይቻላል፤ በሆዱ ይዞ «ወደድኩ» ማሰኘት አይቻልም። ፈራች። ከአምና ጀምሮ ከሾላዋ ሥር አንድም ቀን አፏን ከፍታ ህልም ተናግራ አታውቅም። አሁን ግን ቀስ ብላ፣

«ህልም አለኝ» አለች። «አፌም ጾም ነው።»

ለበጎ ያድርገው የሚል እንኳ አልተገኘም።

«ሌሊት ሌሊት ወንዙ ሞልቶ አያለሁ። ልጄ ማዶ ቆሟል። አድጓል፤ እግር አውጥቷል፤ እንዳባቱ ግንባረ ሰፊ ነው። እኔ ልጠራው አፌን እከፍታለሁ፤ ግን ስም የለውም። በምን ልጥራው? አንተ ልጅ እላለሁ፤ ሌሎች ልጆች ዞር ይላሉ፣ እሱ አይዞርም፤ እሱን መጥራቴ መሆኑን አያውቅማ። እስኪነጋ ድረስ እንዲያ ቆመን እንተያያለን።» ሆዷን ያዘች። «ይሄኛውን ልጠራው እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ህልሜ ይኸው ነው።»

መምሬ ክንፉ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

አያ ጅቦ መሬት መሬቱን አየ። በዕድሜው ሁሉ ስለ አጥንት እንጂ ስለ ስም አስቦ አያውቅም።

«ምንም ስም ሳይኖረው ነው የሞተው?» አለ።

«ምንም።»

«እኔ እንኳ ስም አለኝ» አለ አያ ጅቦ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ።

ከዚያ ማንንም ሳያይ ኮረብታውን ሽቅብ ወጣ። አኩርፎ ሄደ አሉ። ጭጋጉ ዋጠው፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጭጋጉ መልሶ ተፋው። በመዳፉ አፈር ዘግኖ ነበር፤ አፈሩ እየተንጠባጠበበት፣ በሦስት እግሩ እያነከሰ መጣ። አፈሩን ለመምሬ አልሰጠም፤ በትርንጎ መዳፍ ላይ አራገፈው።

«ወድጄ ሰጠሁ» አለ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያ ሥጋው ያልተጋጠው አጥንት ግን... እንደተባባልነው ነው አይደል?» አለ።

«እንደተባባልነው ነው፣ አያ ጅቦ» አለች ትርንጎ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። እልልታው ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ድረስ ተሰማ።

አያ ጅቦ ለምን ወደደ? አንዳንዱ አፍሮ ነው ይላል። አንዳንዱ ያለ ቤተ ክርስቲያን ዝክር፣ ያለ ዝክር አጥንት እንደማይገኝ አስቦ ነው ይላል። እኔ ሁለቱም ነው እላለሁ። የጅብ ልብ ከሆዱ ብዙም አይርቅም፤ የእኛም ቢሆን።

ሥራው በማግስቱ ተጀመረ። ወንዶቹ መሠረት ቆፈሩ፣ ሴቶቹ ሣር አጨዱ፣ አያ ጅቦ ድንጋይ ተሸከመ። ከሥር እስከ አናት፣ ከአናት እስከ ሥር። አህያዋ ከፊት ከፊቱ ባዶዋን እየሄደች፣ «በርታ ወንድሜ፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ማየት ያደክማል» ትለው ነበር። እሱም «እግዜር ይይልሽ» ይላት ነበር፤ ሸክሙን ግን አንድ ቀንም አልጣለም። ድንጋዩ ዳገት ለዳገት ወደ ኋላው እየተንሸራተተ ወገቡን ተጫነው። ወንዙ ሳይሞላ ታቦቱ ተሻግሮ ገባ።

ትርንጎ ሴት ልጅ ወለደች። በሰማንያ ቀኗ ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ይወርድ ነበር፤ ወንዙም ያገሳ ነበር። ትርንጎ ግን ወደ ወንዙ ዞር ብላም አላየችም። ልጇን አቅፋ፣ በአህያዋ ላይ ተቀምጣ ኮረብታውን ወጣች። መምሬ ክንፉ ከምንጩ በተቀዳ ውሃ አጠመቋትና ወለተ ጻድቅ አሏት። ትርንጎ ከደጀ ሰላሙ ወጥታ፣ ማንም በሌለበት፣ ከጭጋጉ በላይ ቆማ፣ «ወለተ ጻድቅ!» ብላ ተጣራች። ልጅቱ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ትርንጎም ደግማ ጠራቻት፤ ደግማ፣ ደግማ፣ እስኪበቃት ድረስ።

አያ ጅቦም ጣሪያው ከለበሰ በኋላ ሸክሙን አወረደ፤ ወገቡ ግን አልተመለሰለትም። ዘሩም ሁሉ ይኸው እስከ ዛሬ ከፊቱ ከፍ፣ ከኋላው ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። ተረቴን እኔ እስከዚህ ተሸከምኩት፤ የቀረውን ዳገት እናንተ ውሰዱት። ለልጆቻችሁም እንዲህ በሏቸው፦

የሆድ ህልም ጀርባ ያጎብጣል፣ የልብ ህልም ኮረብታ ያሰጣል።